የወይዘሮ አቢጌል አዳምስ ታሪክ፤ የደብዳቤያቸውና የኑዛዜያቸው ነገር

የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የነበሩት የጆን አዳምስ ባለቤት ወይዘሮ አቢጌል አዳምስ፥ ለባላቸው በሚጽፉት ደብዳቤ ውስጥ ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ በእሳት እንዲቃጠል ደጋግመው ይለምኑ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተው ስላልተማሩ የእጅ ጽሕፈታቸውና የቃላቸው አጻጻፍ ያሳፍራቸው ነበርና። ባለቤታቸው ግን ልመናውን አልተቀበሉም፤ የመጣላቸውን ሁሉ እየሰበሰቡ አስቀመጡት። ስለዚህ ባልና ሚስቱ የተጻጻፉት ከ1100 የሚበልጥ ደብዳቤ ዛሬ በቦስቶን ከተማ በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ቤት ተጠብቆ ይገኛል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሺንግቶን ሚስት ወይዘሮ ማርታ ከባላቸው ጋራ የተጻጻፉትን አቃጥለውት የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። የወይዘሮ አቢጌል ግን ሐሳባቸው፥ ኀዘናቸው፥ ቍጣቸውና ቀልዳቸው ሳይቀር እስከ ዛሬ ይሰማል። በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ አቢጌል የተወለዱት በ1744 ዓመት ማሳቹሴትስ በተባለው አገር በዌይማውዝ መንደር ነው። አባታቸው ዊልያም ስሚዝ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፥ እናታቸው ኤልሳቤጥም ኩዊንሲ ከተባለው የታወቀ ወገን የተወለዱ ነበሩ። የወጣላቸው ስም በመጽሐፈ ሳሙኤል የምትነገረው የአቢግያ ስም ነው። ያች አቢግያ ባሏን ሳትጠይቅ ስንቅ ጭና ወደ ዳዊት ወርዳ ቤቷን ከጥፋት ያዳነች አስተዋይ ሴት እንደ ሆነች አንባቢ ያውቃል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ነገር በኚህ ሴት ላይ ምን ያህል እንደ ደረሰ ከዚህ በታች ይታያል።

በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ሃርቫርድ ወደ ተባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሲላክ፥ ለሴት ልጅ ግን ጥቂት ማንበብ፥ መስፋትና ቤት መምራት ከቻለች ይበቃታል ይባል ነበር። አቢጌልም በልጅነታቸው በሽታ ይበዛባቸው ስለ ነበረ ከቤት ወጥተው የተማሩት ትምህርት የለም። ነገር ግን በአባታቸውና በእናታቸው አባት ቤት ብዙ መጻሕፍት ነበሩና፥ ታሪኩንም ቅኔውንም የሃይማኖቱንም መጽሐፍ ሳይመርጡ እያነበቡ አደጉ፤ የፈረንሳይንም ቋንቋ በራሳቸው ድካም በጥቂቱ ተማሩ። ሆኖም ሳይማሩ መቅረታቸው እስከ እርጅና ድረስ ይቈጫቸው ነበር። በ1776 ዓመት ለባላቸው ሲጽፉ፥ አገራችን ጀግኖችንና ሊቃውንትን የምትሻ ከሆነ የተማሩ ሴቶች ሊኖሯት ይገባል፥ ልጅ በመጀመሪያ የሚማረው ከእናቱ ነውና፥ የሚል ሐሳብ ገልጸዋል።

በ1764 ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን፥ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፥ የ28 ዓመት ጠበቃ የነበሩትን ጆን አዳምስን አገቡ። የጆን አባት እርሻም የሚያርሱ ጫማም የሚሰፉ ሰው ስለ ነበሩ የሙሽራይቱ እናት ጋብቻውን እምብዛም አልወደዱትም ይባላል። ባልና ሚስቱ ብሬይንትሪ በተባለው መንደር በትንሽ የእንጨት ቤት ተቀመጡ። በ12 ዓመት ውስጥ ስድስት ልጆች ተወለዱላቸው፤ ሱዛና የተባለችው ዓመት አልፏት ብዙ ሳትቈይ ሞተች፥ የመጨረሻይቱም ሞታ ተወለደች፤ አራቱ አደጉ።

በ1774 ዓመት የማሳቹሴትስ ሰዎች ጆን አዳምስን መርጠው ፊላደልፊያ ወደ ተሰበሰበው ሸንጎ ላኳቸው። ከዚያ ዠምሮ ለ10 ዓመት ያህል ባልና ሚስት አብረው የኖሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለመንግሥት አገልግሎት ከቤቱ ርቆ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ ባል በሸንጎ ሲከራከር እርሻው አይቆምም፥ ግብሩም አይቀርም፥ የልጆቹም ልብስ ማለቁን አይተውም። ይህ ሁሉ በወይዘሮ አቢጌል ትከሻ ላይ ወደቀ። ጦርነቱም ከደጃፋቸው የራቀ አልነበረም። በ1775 ዓመት ጁን 17 ቀን የእንግሊዝ ጦር በቦስቶን አጠገብ ባንከር ሂል በተባለው ኮረብታ ሲዋጋ፥ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ጆን ኩዊንሲን ይዘው በቤታቸው አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው ጢሱን ተመለከቱ፥ የመድፉንም ድምፅ ሰሙ። የቤተሰቡ ሐኪም ዶክቶር ጆዜፍ ዋረን በዚያ ቀን ተገደሉ። ያ ልጅ ሸምግሎ እንኳ፥ የቤታቸው የቆርቆሮ ማንኪያ ቀልጦ ጥይት ሲሆን ያየበትን ቀን ያወራ ነበር። በዚያው ዓመት መከር ደም ተቅማጥ በአገሩ ገባ። በቤታቸው አሽከርና ልጅ ሳይለይ ታመመ፤ እሳቸውም ታመው ተነሡ፤ እናታቸውን ግን ቀበሩ። ባላቸው ፊላደልፊያ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ደብዳቤ ስማቸውን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው ነው። በ1776 ዓመት ማርች 31 ቀን፥ ሸንጎው አገሩን ከእንግሊዝ ንጉሥ ለመለየት በሚመክርበት ጊዜ፥ ወይዘሮ አቢጌል ለባላቸው ጻፉ። አዲሱን ሕግ በምትሠሩበት ጊዜ ሴቶችን አስቡ፥ ከአያቶቻችሁም ይልቅ ቸርነት አድርጉላቸው፥ ወሰን የሌለው ሥልጣንም በባሎች እጅ አትስጡ፤ ሰው ሁሉ ከቻለ ጨካኝ ገዢ ይሆናልና፥ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሴቶች ቃላቸው በማይሰማበት ሕግ ለመታሰር አንስማማም ብለው እንደሚያምፁም በቀልድ መልክ ጨመሩበት።

ይህን ቃል በትክክል ለመረዳት የአገሩን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ማሳቹሴትስ ከእንግሊዝ አገር በወረሰው ሕግ ሴት ባል ባገባች ጊዜ በሕግ ፊት ከባሏ ጋራ እንደ አንድ ሰው ትቈጠር ነበር፤ ያም አንድ ሰው ባልዮው ነው። ይዛ የመጣችው ገንዘብና ተንቀሳቃሽ ዕቃ የባሏ ይሆናል፤ ርስት ቢኖራት የሚያዝበት እርሱ ነው፤ በስሟ ውል መዋዋል፥ መክሰስም አትችልም፤ ያለ ባሏ ፈቃድም መናዘዝ አይገባትም። አንዳንድ የዛሬ ጸሐፊዎች ወይዘሮ አቢጌል በዚያ ደብዳቤ ለሴቶች የምርጫ ድምፅ የጠየቁ አድርገው ይናገራሉ። ደብዳቤው ግን ይህን አይልም፤ የአሜሪካ ሴቶች በአገሩ ሁሉ ድምፅ እንዲሰጡ ሕገ መንግሥቱ ያዘዘው በ1920 ዓመት ነው። እሳቸው የጠየቁት ከዚያ የሚቀርበውን፥ በየቤቱ ያለውን ነገር ነበር፤ ይኸውም ክፉ ባል ሚስቱን እንዳሻው እንዳያደርጋት ሕግ ይከልክለው ነው።

ጆን አዳምስ በመለሱት ደብዳቤ ሳቁባቸው። ከንጉሥ ጋራ በተዠመረው ጠብ ምክንያት ልጆች ለአባቶቻቸው፥ ሠራተኞችም ለጌቶቻቸው አልታዘዝ ማለታቸውን ሰምቼ ነበር፤ ከነዚያ ሁሉ የሚበዛው የሴቶች ወገን ማጕረምረሙን ግን ገና ከደብዳቤሽ ሰማሁ አሏቸው። እንዲያውም በስም ጌቶች ብንሆን በእውነቱ ተገዢዎቹ እኛ ነን ብለው ነገሩን በጨዋታ አሳለፉት። ወይዘሮ አቢጌል ግን በጨዋታ አላለፉትም። ለወዳጃቸው ለወይዘሮ መርሲ ዋረን ስሞታቸውን ጻፉ፤ ለባላቸውም በሜይ ወር መልሰው፥ ለአሕዛብ ሁሉ ነጻነትን እያወጃችሁ በሚስቶቻችሁ ላይ ፍጹም ሥልጣን ለመያዝ መፈለጋችሁ ለሴቶች ቸርነት ነው ለማለት አልችልም ሲሉ ነገሯቸው። በዚህ ክርክር ባልየው በሕግ ዐዋቂነታቸው የተመሰገኑ ሲሆኑ፥ ሚዛን ለያዘ ሰው የሚስቲቱ ቃል ይከብዳል።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፈንጣጣ አገሩን ሲያስጨንቅ አራቱን ልጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ይዘው ለመከተብ ወደ ቦስቶን ሄዱ። የዚያን ጊዜ ክትባት እንደ ኋለኛው ቀላል አልነበረም፤ ከበሽተኛ ቍስል የተወሰደ መግል በተጫረ ቈዳ ውስጥ ይገባል፥ የተከተበውም ሰው በእውነተኛው ፈንጣጣ ይታመማል፤ የሚሞትም አለ። ባላቸውን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረምና ይህን በራሳቸው ቈርጠው አደረጉት። ክትባቱ እምቢ ያለው ትንሹ ቻርልስ በኋላ ፈንጣጣው ይዞት ሁለት ቀን ያህል ሲቃዥ ከሞት ተረፈ። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን ወይዘሮ አቢጌል በሕዝብ መካከል ቆመው የነጻነቱ ዐዋጅ በቦስቶን ከመንግሥቱ ቤት ሰገነት ሲነበብ ሰሙ።

በ1778 ዓመት ጆን አዳምስ ወደ ፈረንሳይ አገር ተላኩ፤ በሚከተለው ዓመት ለጥቂት ወራት ተመልሰው እንደ ገና ሄዱ። በእርሻው ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ወደ ጦር ስለ ዘመተ የቀን ሠራተኛ ጠፋ፤ ወይዘሮ አቢጌልም መሬቱን ለእኩል አራሾች ሰጡት። የወረቀቱ ገንዘብ ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ሲወድቅ ባዩ ጊዜ ደግሞ ሌላ ብልሃት ፈጠሩ። ባላቸው ከአውሮፓ ገንዘብ ከሚልኩላቸው ይልቅ ዕቃ እንዲልኩላቸው ጠየቁ፤ መሐረብ፥ ጥብጣብ፥ ስፒል፥ ሻይ፥ ጨርቅና ሳሕን በሣጥን እየመጣላቸው፥ በጦርነቱ ምክንያት ይህ ሁሉ በጠፋበት አገር በዘመዶቻቸው እጅ አስሸጡት። የአምባሳደር ሚስት ስፒል ትሸጣለች ቢባል የሚያፍር ይኖር ይሆናል፤ እሳቸው ግን ግብሩን የከፈሉት፥ ቤቱንም ያለ ዕዳ ያቈዩት በዚህ ነው።

ከትርፉም ለይተው የራሴ የምለው ገንዘብ ብለው መጥራት ዠመሩ። ሕጉ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያውቅም፤ እሳቸው ግን ዐወቁት። ጆን አዳምስ መሬት ወዳጅ ነበሩ፤ ያገኙትን ሁሉ በመሬት ላይ ማዋል ይሹ ነበር። ወይዘሮ አቢጌል ግን መንግሥት ለጦርነቱ የተበደረበትን የዕዳ ሰነድ መግዛት ይሻላል ብለው ተከራከሩ፥ ገዙትም። ሰነዱ በርካሽ ሲሸጥ ብዙ ሰው ንቆት ነበር፤ በ1790 ዓመት መንግሥቱ ዕዳውን ለመክፈል በወሰነ ጊዜ ዋጋው ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ መሬት አማራቸውና ቬርሞንት በተባለው አገር ለባላቸውና ለልጆቻቸው በየስማቸው ጫካ ገዙ፤ መሬት ወዳጁ ባላቸው ግን ከእንግዲህ በቬርሞንት ነገር አትግቢ ብለው ጻፉላቸው።

በ1784 ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው የአትላንቲክን ባሕር ተሻገሩ። የተሳፈሩበት መርከብ የዓሣ ነባሪ ዘይት የጫነ ነበርና ሽታው የሚያስጠላ ነበር፤ ወይዘሮይቱም የባሕሩ ሕመም እንደ ተወላቸው መርከበኞቹን በመጥረጊያና በሆምጣጤ ክፍሉን አሳጠቡ፥ ለወጥ ቤቱም የምግብ አሠራር አስተማሩ። ከአምስት ዓመት ገደማ መለየት በኋላ ባላቸውን በሎንዶን ከተማ አገኙ። ስምንት ወር ያህል በፓሪስ አጠገብ፥ ከዚያም ጆን አዳምስ ለእንግሊዝ መንግሥት የመጀመሪያው የአሜሪካ መልእክተኛ ስለ ሆኑ እስከ 1788 ዓመት በሎንዶን ተቀመጡ። ትናንት ጠላት ለነበሩት ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛና ለንግሥቲቱም በቤተ መንግሥት እጅ ነሡ፤ ያ ቀን እምብዛም ደስ እንዳላሰኛቸው ለቤተ ዘመድ የጻፉት ይመሰክራል። በሎንዶን ይልቅ ደስ ያላቸው በ1787 ዓመት ስለ ፍጥረት ነገር የሚሰጥ ትምህርት ገብተው መስማታቸው ነው።

ጆን አዳምስ በ1789 ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት፥ በ1797 ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለዚህ ዘመን ከግብር አበላሉና ከእንግዳ አቀባበሉ ይልቅ አንድ ትንሽ ነገር ልንገር። በወይዘሮ አቢጌል ቤት ጄምስ የሚባል ጥቁር ወጣት አሽከር ነበረ። ማታ ማታ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ፈቀዱለት። አንድ ጎረቤት መጥተው፥ ጄምስ ከመጣ ሌሎቹ ልጆች ስለማይመጡ ትምህርት ቤቱ ይፈርሳል አሏቸው። ልጁ ያጠፋው ጥፋት አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ምንም የለም ተባሉ። እንግዲያውስ ፊቱ ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ ትምህርት ሊከለከል ነውን፥ እንጀራውንስ በምን ያገኛል፥ እኔ በቤቴ አጠገቤ አስቀምጬ ማንበብና መጻፍ ሳስተምረው አላፈርሁም፤ የማይወዱትን ልጆች ወደ እኔ ይስደዱልኝ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ የተናገረ አልተገኘም። ወይዘሮ አቢጌል ባሪያ ባለበት ቤት ያደጉ ናቸው። ሆኖም በ1774 ዓመት ለባላቸው ሲጽፉ፥ ከሌላው የምንቀማውን ነጻነት ለራሳችን ብለን መዋጋታችን በደል ነው ብለው ነበር። የአባታቸው ባሪያ የነበረችው ፊቢም ነጻ ከወጣች በኋላ፥ እሳቸው አውሮፓ በነበሩበት ጊዜ ከባሏ ጋራ ሆና ቤታቸውን የጠበቀች እርሷ ናት።

የፕሬዚዳንቱ ቤት በአዲሱ ከተማ በዋሺንግቶን በተሠራ ጊዜ መጀመሪያ የገቡበት እነሱ ናቸው። ወይዘሮ አቢጌል በ1800 ዓመት በኖቬምበር ወር ሲመጡ በጫካው ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ነበር። ቤቱም ገና አላለቀም፤ አሽከር የሚጠሩበት ደወል የለም፤ በዙሪያው ሁሉ ደን ሳለ የሚቈርጠው ሰው ታጥቶ ማገዶ ይቸግር ነበር። ልብሳቸውን ያሰጡት፥ በኋላ ነገሥታትና መልእክተኞች በሚስተናገዱበት በትልቁ የምሥራቅ አዳራሽ ነው። ይህን ሁሉ ለልጃቸው ጽፈው፥ ሰው ቢጠይቅሽ ግን ቤቱ ያማረ ነው በዪ አሏት።

በአንድ ነገር ግን ልናመሰግናቸው አንችልም። በባላቸው ላይ ጋዜጦች በጻፉት ስድብ ተቈጥተው፥ በ1798 ዓመት መንግሥትን የሚነቅፍ ጸሐፊ እንዲቀጣ የወጣውን ሕግ በሙሉ ልብ ደገፉ። ሕጉ ጋዜጠኞችን አሳሰረ፤ ባላቸው በሚከተለው ምርጫ ለመሸነፋቸውም አንዱ ምክንያት ሆነ። የሚስት ፍቅር ፍርድን እንደሚያጠብብ ከዚህ ይታያል።

በዚያው የሽንፈት ወቅት ልጃቸው ቻርልስ በመጠጥ ተጐድቶ በኒውዮርክ ሞተ። በ1801 ዓመት ወደ ቤታቸው ተመልሰው፥ ወተቱንና አትክልቱን እያዩ፥ የልጅ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ተቀመጡ። በ1811 ዓመት ሴት ልጃቸው የጡት ነቀርሳ ይዟት በዚያው በወላጆቿ ቤት ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ሐኪሞች ጡቷን ቈረጡ፤ ሁለት ዓመት ቈይታ ሞተች። ልጃቸው ጆን ኩዊንሲ ግን በ1825 ዓመት ስድስተኛው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እናቱ ይህን ለማየት አልደረሱም። የፕሬዚዳንት ሚስትም የፕሬዚዳንት እናትም ለመሆን ከሳቸው በኋላ የበቁት ወይዘሮ ባርባራ ቡሽ ብቻ ናቸው፤ ልጃቸው የተሾመው በ2001 ዓመት ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜው ነገር እንምጣ። በ1816 ዓመት ጃንዩዌሪ 18 ቀን፥ በ71 ዓመታቸው፥ ወይዘሮ አቢጌል ብዕር አንሥተው በገዛ እጃቸው ተናዘዙ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ባል ያላት ሴት የምትናዘዝበት ገንዘብ እንደሌላት ያውቃሉ፤ ከጠበቃ ጋራ 51 ዓመት ኖረዋልና። ሆኖም በስፒልና በመሐረብ ንግድ የተዠመረውን የራሴ የሚሉትን ገንዘብ፥ ከ5000 ዶላር የሚበልጠውን፥ ልብሳቸውንና ጌጣቸውን ጨምረው ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ደለደሉት። ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለመታሰቢያ ያህል ከሰጡት በቀር የቀረው ሁሉ የሄደው ወደ ሴቶች ነው፤ ለሴት የልጅ ልጆቻቸው፥ ለእኅትና ለወንድም ሴቶች ልጆች፥ ለሴቶች አገልጋዮቻቸውም ደረሰ። ለወንዶች የልጅ ልጆች አልተናዘዙም። ምክንያቱን በወረቀቱ ላይ አልጻፉትም። ነገር ግን በ1776 ዓመት ባላቸው የሳቁበትን ልመና ያነበበ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አይደክምም።

በ1818 ዓመት ኦክቶበር 28 ቀን በአንጀት ተስቦ ዐረፉ፤ 74 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር አልቀረም ነበር። የማሳቹሴትስ ሕግ ባል ያገባች ሴት በገንዘቧ እንድታዝ የፈቀደው በ1855 ዓመት ነውና፥ በዚያ ቀን በሕግ ፊት ያ ኑዛዜ ያለ ባልየው ፈቃድ ተራ ወረቀት ነበር። የ83 ዓመቱ ሽማግሌ ጆን አዳምስ ቀድደው ቢጥሉት የሚከሳቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ሚስታቸው እንደ ተናዘዙት እንዲፈጸም አደረጉ፤ ሴቶቹም ድርሻቸውን ተቀበሉ።